ሰኞ ማክሰኞስ የት ይጫወቱ?

የፋሲካ ሳምንት ቅዳሜ ነው። ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ በአዲስ አበባ ካሉት የመዝናኛ ፓርኮች በአንዱ በር ላይ የተሠራው ሰልፍ አጥሩን ተከትሎ ታጥፏል። አዲስ ጫማ ያደረጉ ልጆች፣ ለበዓሉ ሹሩባ የተሠሩ ሕጻናት፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ እናቶች፣ ስልካቸውን እያዩ የሚቁነጠነጡ አባቶች አሉ። ፊኛ ሻጩ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለሳል። ሥራውን ያውቃል፤ ዓይኑን የሚጥለው ወላጆቹ ላይ ሳይሆን ልጆቹ ላይ ነው።

ከሰልፈኞቹ መካከል አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። ስም አያስፈልገውም፤ እዚያ ሰልፍ ላይ የቆመው አብዛኛው ሰው እሱን ይመስላል። አባት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። እናት ፋርማሲ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት። የዘጠኝ ዓመት ወንድና የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አሏቸው። ለበዓሉ ከደብረ ብርሃን የመጡት የእናትየው እናትም አብረው አሉ። የሚኖሩት ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የዛሬው ቀን ከገና ጀምሮ ሲጠየቅ፣ ሲራዘም፣ "ለፋሲካ" እየተባለ ቀጠሮ ሲሰጠው የቆየ ቀን ነው።

አባት በሰልፉ ላይ ሒሳብ ይሠራል። የአምስት ሰው ታክሲ ደርሶ መልስ፣ የአምስት ሰው መግቢያ። ውስጥ ከተገባ በኋላ ደግሞ መጫወቻው ሁሉ ለየብቻው ይከፈልበታል። ባቡሩ አንድ ቲኬት፣ የሚጋጩት መኪኖች ሌላ ቲኬት፣ በአየር የተነፋው ቤት ሌላ ቲኬት። ምሳ እዚያው ከተበላማ የሳምንት አስቤዛ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው አያት ከበዓሉ የተረፈውን ድፎ ዳቦ ነጠላቸው ሥር ሸጉጠው የመጡት። "ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው" የሚለውን ጽሑፍ በሩ ላይ ሲያዩ ነጠላቸውን ትንሽ ጠበቅ ከማድረግ በቀር ምንም አላሉም።

ከገቡ በኋላ ቀኑ ጥሩ ነው። ወንዱ ልጅ መኪናውን ከማያውቀው ልጅ መኪና ጋር እያጋጨ ይንከተከታል። ሴቷ ከሽክርክሪቱ ፈረስ ላይ ሆና በዞረች ቁጥር፣ ከሄደችበት አገር የተመለሰች ይመስል ለእናቷ እጇን ታወዛውዛለች። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ፈረሱ ይቆማል።

"አባዬ፣ አንዴ ልድገም?"

"ድገሚ።"

"ሌላም ልድገም?"

አባት ኪሱን ይነካል። አያት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ሆነው ይህን ሲያዩ ቆይተው ይጠይቃሉ።

"ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ብር የሚከፈለው ልጆቹ እንዲሯሯጡ ነው?"

"እማማ፣ ለመሯሯጥ አይደለም፤ ለጨዋታ ነው።"

"እሱን እኮ ነው የምልህ።"

የአያት ጥያቄ ከሩቅ ሲሰሙት የሽማግሌ ጨዋታ ይመስላል። ግን በዚያ ቀን በዚያ ግቢ ውስጥ ከተነገሩት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። ልጅ ለመሮጥ፣ ለመዝለል፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር ለመተዋወቅ ቲኬት መቁረጥ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ቲኬት የማይቆረጥበት ቀን፣ በዓመት ውስጥ ያለው ሌላው ቀን ሁሉ፣ የት ነው የሚጫወተው?

ስለ መዝናኛ ፓርክ ሲነሳ ከአግዳሚ ወንበር መጀመር ተገቢ ነው፤ የዘመናችን ፓርክ የተወለደው አግዳሚ ወንበር ላይ ነውና። ዋልት ዲዝኒ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ሴት ልጆቹን ሎስ አንጀለስ ወደሚገኘው ግሪፍዝ ፓርክ ይወስድ ነበር። ልጆቹ በሽክርክሪቱ ፈረስ ሲዞሩ እሱ አግዳሚው ላይ ኦቾሎኒ እየቆረጠመ ይጠብቃል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ለምን አይኖርም የሚለው ሐሳብ እዚያ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 ዲዝኒላንድ ሆኖ ተከፈተ። የመክፈቻው ቀን ግርግር ዛሬም ይወራል። በሐሰተኛ ቲኬት የገባው ሰው ብዙ ነበር፣ ሙቀቱ ያለሰለሰው አስፋልት የሴቶችን ተረከዝ ጫማ ይይዝ ነበር፣ በቧንቧ ሠራተኞች አድማ የተነሳም የሚጠጣ ውሃ አልነበረም።

ያኔም መግቢያው ለብቻው፣ መጫወቻው ለብቻው ይከፈልበት ነበር። ቆይቶ መጫወቻዎቹ በፊደል ደረጃ ወጥቶላቸው ቲኬቱ በጥራዝ ይሸጥ ጀመር፤ ትንሹ መጫወቻ በ"ኤ"፣ ትልቁ በ"ኢ" ቲኬት። በአንድ መግቢያ ሁሉንም መጫወት የተቻለው በ1982 ነው። ዛሬ ደግሞ ተጨማሪ የከፈለ ሰው ረጅሙን ሰልፍ አልፎ የሚገባበት አሠራር አለ። ወላጅ ከአግዳሚው ይነሳ ተብሎ የተጀመረው ነገር ዞሮ ዞሮ ወላጅን በኪሱ አግዳሚ ላይ አስቀመጠው። ልጁ ይጫወታል፤ እሱ ይቆጥራል።

ይህ ሁሉ ሲባል ፓርክ ክፉ ነው ማለት አይደለም። በበዓል ቀን ልጆቹን ይዞ የወጣን አባት "ገንዘብህን በተንህ" የሚል ሰው የልጅን ፊት አላየም። ያ ቀን ይታወሳል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲመለስ የሚያወራው ስለ በጉ ወይም ስለ ዶሮው ሳይሆን ስለሚጋጩት መኪኖች ነው። ያቺ ስድስት ዓመቷ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላም ቢሆን አባቷ "ድገሚ" ያላትን አትረሳም። አዲስ አበባም ለረጅም ጊዜ ቤተሰብ የሚወጣበት ቦታ ያጣች ከተማ ነበረች። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ሄዶ አንበሳ ማየት፣ ግዮን ሆቴል አትክልት ቦታ ፎቶ መነሳት፣ አበቃ። በ2012 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ተከታትለው ሲከፈቱ ሰው የጎረፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። ረሃብ ስለነበረ ነው።

ችግሩ ያለው ፓርኩ ውስጥ አይደለም። ችግሩ ያለው ቤተሰቡ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው።

በአዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጨዋታ አለ። ከሰል ወይም ጠመኔ ይፈለጋል፤ እሱም ከጠፋ እንጨት መሬቱን ይጭራል። ሳጥን ሳጥን ይሠራል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይወረወራል፣ በአንድ እግር እንጣጥ እየተባለ ይኬዳል። ስሙ ሰኞ ማክሰኞ ነው። የጨዋታው ስም ልብ ይባል። ገና ፋሲካ አልተባለም፣ ቅዳሜ እሑድም አልተባለም። የሰፈር ልጆች ጨዋታቸውን በተራ የሥራ ቀን ሰይመውታል። ጨዋታ የዕለት እንጀራ እንጂ የበዓል ዶሮ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚናገር ስም ማግኘት ይከብዳል።

ሰኞ ማክሰኞ የሚጠይቀው ነገር ቢኖር ሁለት ነው። አንደኛው መኪና የማያልፍበት ሦስትና አራት ሜትር መሬት ነው። ሁለተኛው "ሂዱ ከዚህ!" የማይል ጎረቤት ነው። ብይም እንዲሁ፣ ሱዚም እንዲሁ፣ ድብብቆሽም እንዲሁ። የጨርቅ ኳስ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ለግብ ግን ሁለት ድንጋይ በቂ ነው። የቀድሞው ሰፈር ቆርቆሮው ቢያፈስም፣ ሽንት ቤቱ ለአሥር አባወራ አንድ ቢሆንም፣ ይህቺን መሬት አላሳጣም ነበር። ልጁን የሚጠብቀው ካሜራ አልነበረም፤ በረንዳ ላይ ቡና የሚቆሉ እናቶች ነበሩ። ይህ ማለት ያ ሰፈር ይመለስ ማለት አይደለም። የፈሰሰ ጣሪያና የጋራ ሽንት ቤት የሚናፍቀው የማይኖርበት ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን አሮጌው ሰፈር ሲፈርስ ቤቱ በተሻለ ቤት ሲተካ፣ መጫወቻው በምን ተተካ ብሎ መጠየቅ ናፍቆት ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ወረቀት ላይ አለ። የኢትዮጵያ የከተማ ፕላን ባለሙያዎች የሚጠቅሱት የ30፣ 30፣ 40 መርህ አለ። ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚል ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከጀሞ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ብሎኮች በአንዱ በታች ቆሞ ያቺን የጋራ ክፍት ቦታ ይፈልጋት። በፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ቦታ መኪና ማቆሚያ ሆኗል። መኪና ያልደረሰበት ጥግ በብረት ታጥሮ የአንድ ማኅበር ንብረት ወይም የውሃ ታንከር ማስቀመጫ ነው። ልብስ ማስጫ ገመድ ባለበት ቦታ ኳስ የመታ ልጅ ደግሞ የብሎኩ ኮሚቴ አጀንዳ ይሆናል።

ትምህርት ቤቱስ? ብዙዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች ለመኖሪያ የተሠሩ ቪላዎችን ተከራይተው የሚሠሩ ናቸው። የቪላ ግቢ ለአንድ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ ለሦስት መቶ ተማሪ ግን የእረፍት ሰዓት ላይ ተራ በተራ የሚቆምበት ቦታ ነው። ሰፊ ሜዳ ያላቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንጻሩ አርብ ማታ በሩን ይቆልፋሉ። ቅዳሜና እሑድ ሜዳው ባዶ፣ ከአጥሩ ውጭ ያለው ልጅም ሜዳ የለሽ ሆነው ይውላሉ።

ከተማ ቦታ ሲቸግራት ደግሞ እጇ መጀመሪያ የሚያርፈው ሜዳ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ጊዜው አስገዳጅ ስለነበር ውሳኔው የሚወቀስ ላይሆን ይችላል። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ግን ከሚጠበቀው በላይ ቆዩ፤ ሜዳው የተለቀቀው የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ነው። ታቦት ባይወጣበት ኖሮ መቼ ይለቀቅ ነበር ብሎ መጠየቅ አይከፋም። የእምነት ባለቤት ያለው ሜዳ ጠያቂ አለው። ልጆች ብቻ የሚጫወቱበት ሜዳ ሲወሰድ ግን የሚጮህ የለም፤ ልጅ አቤቱታ አይጽፍም።

ታዲያ ለምንድነው ከተሞች ከብዙ ትንንሽ ሜዳ ይልቅ ለጥቂት ግዙፍ ፓርክ የሚቸኩሉት? አንደኛው መልስ እ.ኤ.አ. በ1843 ኮፐንሀገን ላይ ተሰጥቷል። ጌኦርግ ካርስተንሰን የተባለው ሰው ዛሬም ድረስ ያለውን ቲቮሊ የተባለ መዝናኛ ሲመሠርት ንጉሥ ክርስቲያን ስምንተኛን ያሳመነው "ሕዝብ ሲዝናና ስለ ፖለቲካ አያስብም" በሚል ሐሳብ እንደነበር ይነገራል። ብልጥ ክርክር ነው፤ ንጉሡም ፈቀዱ። ዲዝኒ ራሱ የራሱን ፓርክ ከመክፈቱ በፊት ቲቮሊን ጎብኝቷል።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የቀለለ ነው። ትልቅ ፓርክ ሪባን ይቆረጥለታል። ድሮን ከላይ ይቀርጸዋል። ፏፏቴው ማታ ማታ በመብራት ቀለም ይቀያይራል። ለጀሞ ብሎክ ጀርባ የተተወች አንዲት ባዶ መሬት፣ አሸዋ የፈሰሰባትና ሁለት የብረት መወጣጫ የቆመባት፣ ዜና አትሆንም። ለምርቃት የሚመጣ እንግዳ የሚቆምበት ቦታ እንኳ የላትም። ፓርክ በሪፖርት "አንድ" ተብሎ ይቆጠራል፤ በአንድ ዓመት ያለቀ፣ ፎቶ ያለው፣ ገቢ የሚያስገባ "አንድ"። ተራ ሰኞን በሪፖርት የሚቆጥር ግን የለም።

ሌላ መንገድ ግን አለ፤ ተሞክሯልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አምስተርዳም ደህይታ ነበር። ቤት አልነበረም፣ ሲሚንቶ አልነበረም፣ በጦርነቱ ጊዜ ነዋሪዎቻቸው ተወስደው የፈረሱ ቤቶች ቦታ በየመንገዱ ባዶ ቀርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 አልዶ ፋን አይክ የተባለ ወጣት አርክቴክት በማዘጋጃ ቤቱ ተቀጥሮ በአንዲት አደባባይ ላይ የልጆች መጫወቻ ሠራ። የሠራው ነገር ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የኮንክሪት ጠርዝ ያለው የአሸዋ ገንዳ፣ ልጅ የሚገለባበጥበት የብረት ዘንግ፣ የሚዘለልባቸው ዝቅ ያሉ ድንጋዮች፣ ወላጅ የሚቀመጥበት አግዳሚ። አጥር የለም፣ በር የለም፣ ቲኬት የለም።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ትምህርቱ። ያቺን መጫወቻ ያዩ የሌላ ሰፈር ነዋሪዎች "ለኛም ሰፈር" እያሉ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። "እዚህ ጋ ባዶ ቦታ አለ" እያሉ ራሳቸው ይጠቁሙ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱም በደብዳቤው መሠረት እየሄደ ይሠራ ነበር። እስከ 1978 ድረስ በዚህ መልክ ከ700 በላይ መጫወቻዎች ተሠሩ። ከእነዚያ ውስጥ ለብቻዋ ታላቅ የምትባል አንዲት እንኳ ላትኖር ትችላለች። ሁሉም አንድ ላይ ግን ከተማዋን የልጅ ከተማ አደረጓት። አንድ የአምስተርዳም ልጅ ለመጫወት በዓል መጠበቅ አላስፈለገውም። ደረጃ መውረድ ይበቃዋል።

"አገሩ ሌላ፣ ሀብቱ ሌላ" ለሚል ሰው መልሱ ያ ጊዜ የሀብት ጊዜ አልነበረም የሚል ነው። ይልቁንም መጫወቻዎቹ እንደዚያ ቀላል የሆኑት ድህነት ስለነበረ ነው። ደግሞም ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" በሚል ስም በወሩ የመጨረሻ እሑድ አንዳንድ የአዲስ አበባ አውራ መንገዶች ለመኪና መዘጋት ሲጀምሩ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው አይቷል። ማንም ሽክርክሪት አልተከለም፤ ፈረስ አልቆመም። አስፋልቱ ብቻ ተለቀቀ። ልጆች ኳስ፣ ብስክሌትና ገመድ ይዘው ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ መንገዱን ሞሉት። ሰኞ ማክሰኞ አስፋልቱ ላይ ተሠመረ። ያ ማስረጃ ነው፤ ልጆቹ መጫወት አልረሱም፣ የጠፋው መሬቱ ነው።

እንዲያውም ቃሉ በሕግም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ የማረፍና የመጫወት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ስምምነት የተቀበለችው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው። መንግሥት ተቀየረ፣ ስምምነቱ ግን ጸና። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርም በቀዳማይ ልጅነት ፕሮግራሙ ከተማዋን ልጆችን ለማሳደግ ምርጥ አፍሪካዊት ከተማ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ መቀመጫና በአንዳንድ ቦታ የልጆች መጫወቻ ተሠርቷል፤ ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ጥያቄው መለኪያው ምንድነው የሚለው ነው። ምርጥ ከተማ የሚባለው እንግዳ የሚጎበኘው መጫወቻ ያለው ነው ወይስ ከመሀል ከተማ ተነስቶ ወደ ዳር የተዛወረው ልጅ ከትምህርት ቤት መልስ የሚሮጥበት መሬት ያለው?

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሳሉ፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው መሬት ውድ ነው የሚለው ነው። በሊዝ ዋጋ ከታየ እውነት ነው። ነገር ግን ለመኪና ማቆሚያ በነጻ የተሰጠው የኮንዶሚኒየም ግቢ መሬት በሊዝ አልተሰላም። መሬት ውድ የሚሆነው ልጅ ሲጠይቀው ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የዋጋ ሳይሆን የቅደም ተከተል ነው።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። ዛሬ ልጅን ብቻውን ውጭ የሚለቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። ግን ደኅንነት ከባዶ መንገድ አይመጣም፣ ሰው ከሞላበት ቦታ እንጂ። አምስት ልጅ የሚጫወትበትና ሦስት እናት የምትቀመጥበት ግቢ ማንም ከማይወጣበት ግቢ ይልቅ ይጠበቃል። አግዳሚ ወንበር እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ፤ ወላጅ ሒሳብ የሚቆጥርበት ሳይሆን ከጎረቤቱ ጋር እያወራ ልጁን ከዳር የሚያይበት አግዳሚ።

ሦስተኛው "የዛሬ ልጅ እኮ ስልኩን እንጂ ውጭውን አይፈልግም" የሚለው ነው። ይህ የተገላቢጦሽ ክርክር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር፣ ደረጃው ላይ ሲሮጥ ለሚቆጡት፣ ግቢው ውስጥ ኳስ ለሚቀሙት ልጅ ስልኩ ምርጫ አይደለም፤ የቀረለት ብቸኛ ሜዳ ነው። የመንገድ ለሰው እሑድ ላይ ስልኩን የፈለገ ልጅ ብዙ አልታየም።

ምን ይደረግ ለሚል ሰው ዝርዝሩ አጭር ነው፣ ውድም አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሜዳ ቅዳሜና እሑድ ለሰፈሩ ልጆች ይከፈት፤ ለአንድ ጥበቃ የሁለት ቀን አበል ከመክፈል የዘለለ ወጪ የለውም። በየኮንዶሚኒየሙ ከግቢው ቢያንስ አንዱ ጥግ መኪና የማይገባበት ይሁን፤ ይህን ለማድረግ የብሎኩ ኮሚቴ አንድ ስብሰባና አንድ ሰንሰለት ይበቃዋል። በየቀበሌው ጀርባ ባለቤት አልባ ሆነው ቆሻሻ የሚጣልባቸው ቁራሽ መሬቶች ተቆጥረው፣ ነዋሪው የቱን እንደሚፈልግ ይጠየቅ። አሸዋ፣ ሁለት ዘንግ፣ አንድ ዛፍ፣ አንድ አግዳሚ። የተተከለው ሣር ደግሞ ቢያንስ በከፊል ለመረገጥ የተተከለ ይሁን። "ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ ብዙ ባለበት ከተማ የሚለመልመው ሣሩ ነው፤ ልጁ አይደለም።

ትልቁም ፓርክ ይኑር። በዓል ሲመጣ ይኬድበት፣ ፎቶ ይነሳ፣ ዳቦው በነጠላ ሥር ይግባ። ፓርክ ለልጅነት እንደ ዓመት በዓል ዶሮ ነው። ዶሮ ይናፈቃል፣ ይጠበቃል፣ ሲመጣ ቤቱን ያደምቃል። ነገር ግን በዓመት ሁለቴ ዶሮ እየበላ በሌላው ቀን ጦሙን የሚያድር ልጅ ጠግቦ አደገ አይባልም።

ማምሻውን ያ ቤተሰብ ወደ ጀሞ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ነው። ሴቷ ልጅ ፊኛዋን እንደያዘች አባቷ ጉልበት ላይ አንቀላፍታለች። ወንዱ ደግሞ አሁንም መኪናውን እየነዳ ነው፤ እጁ ባዶ አየር ላይ መሪ ያዞራል። እናት ለአያት የተረፈችውን ዳቦ ትቆርሳለች። ደስ የሚል ቀን ነበር፤ አባትም የወጣው ብር አልቆጨውም።

ሰኞ ትምህርት ቤት አለ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ ይመለሳሉ። ሴቷ ልጅ ከትምህርት ቤት በኪሷ የመጣች ቁራጭ ጠመኔ አለቻት። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በበራቸውና በጎረቤታቸው በር መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ተንበርክካ ሲሚንቶው ላይ ሳጥን መሥራት ትጀምራለች። ስድስት ሳጥን ካሰመረች በኋላ መተላለፊያው ያልቃል። ሰባተኛው ግድግዳው ጋ ይቆማል። ገና አንድ እግሯን ከማንሳቷ የታችኛው ቤት ሰው ወደ ላይ ይጣራል።

"ማን ነው እላያችን ላይ የሚዘለው? ልጆቻችሁን ያዙ እንጂ!"

አያት በሩን ከፍተው ይወጣሉ። መጀመሪያ ልጅቷን ያያሉ፣ ከዚያ የተሠመረውን ሰኞ ማክሰኞ፣ ከዚያ ከመስኮቱ በታች መኪና የሞላውን ግቢ።

"ነይ ግቢ የኔ ልጅ" ይሏታል። "ለገና ትሄጃለሽ።"